ማኑዋሉ ለየትኛው ሞተር ነው?

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ወቅት ከአጋሮ፣ ከሊሙና ከጌራ ወደ ጅማ ጭነት ይዘው ከሚመላለሱት መኪኖች ብዙዎቹ ከሹፌራቸው ጋር እኩያ ናቸው። ቶሎ የሚተኩም አይመስሉም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዶታል፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። እጃችን ላይ ያለውን መጠገን ግድ ሆኗል ማለት ነው። ቦሳ ኪቶ ላይ ጋራዥ የከፈተ ወጣትም ሆነ አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ያለው የቡና ነጋዴ የጥገና መጽሐፍ ወይም ፋይል ሲፈልግ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ በመኪናው ስም ይፈልጋል። ማኑዋል መመረጥ ያለበት ግን በሞተሩና መኪናው በተሠራለት ገበያ ነው።

ላንድክሩዘርን እንውሰድ። በዓለም ላይ በጣም የታወቀው የጥገና መጽሐፍ አሳታሚ የእንግሊዙ ሄይንስ ነው። መኪናውን እስከ መጨረሻው ፈትተው መልሰው እየገጠሙ ስለሚጽፉት መጽሐፋቸው ለጀማሪ ግልጽ ነው። ሆኖም ለአሜሪካ ገበያ ያዘጋጁት የላንድክሩዘር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1996 የተሠሩትን የቤንዚን መኪኖች ብቻ ይዟል። የእኛን አገር ገጠር የሚያዳርሰው ባለ ስድስት ሲሊንደሩ የናፍጣ ሞተር፣ 1ኤችዜድ፣ አሜሪካ ውስጥ ተሽጦ አያውቅም። ሽፋኑ ላይ «ላንድክሩዘር» የሚል ጽሑፍ አይቶ የገዛ ሰው ስለ ፍሬንና ስለ ማርሽ ጥቂት ይማር ይሆናል፤ ስለ ኢንጀክሽን ፓምፑ ግን አንድ መስመር አያገኝም። ትንንሾቹም መኪኖች ከዚህ ጣጣ አያመልጡም። እዚህ ሁሉም ቪትዝ የሚለው መኪና ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ የፋብሪካ ስሙ ያሪስ ነው። በቪትዝ ስም የሚገኘው ማኑዋል ለጃፓን ገበያ የተጻፈ፣ ያውም በጃፓንኛ ሊሆን ይችላል።

የፋብሪካው የራሱ ማኑዋል ይሻላል፤ እሱም ቢሆን አስተውሎ ለሚያነብ ነው። ቶዮታ ለላንድክሩዘር የሞተሩንና የሻንሲውን ጥገና በተለያየ ጥራዝ ስላወጣ፣ የሻንሲውን ፋይል አውርዶ የቴስታታ ምዕራፍ ሲፈልግ የሚውል ብዙ ነው። የሞተሩ ጥራዝ ደግሞ 1ኤችዜድን ቱርቦ ካለው ከ1ኤችዲ-ቲ ጋር በአንድ ላይ ያስተምራል። አንዱ ናፍጣውን በቅድመ ማቃጠያ ክፍል፣ ሌላው በቀጥታ ፒስተኑ ላይ የሚረጩ ሞተሮች ናቸውና፣ የአንዱን ልክ ለሌላው ያነበበ መካኒክ መጽሐፍ እያየ ሞተር ያበላሻል። መፍትሔው ኮፈኑ ሥር አለ። እዚያ ባለው የፋብሪካ ሰሌዳ ላይ «ኤችዜድጄ 75» ተጽፎ ከሆነ «ኤችዜድ» የሞተሩ ቤተሰብ፣ ቀሪው የመኪናው ሞዴል ነው። ሞተር የተቀየረለት መኪና ግን በየሰፈሩ ስላለ፣ ብሎኩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቦ ከሊብሬው ጋር ማመሳከር ይበጃል። በነገራችን ላይ፣ የኢንተርኔት ካታሎግ 17 ፊደልና ቁጥር ያለው የሻንሲ ቁጥር ጠይቆ የእርስዎን አልቀበልም ቢል መኪናው የተጭበረበረ ነው ማለት አይደለም፤ ለጃፓን አገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ መኪኖች ቁጥራቸው ከዚያ ያጠረ ነው።

«ሃያ ዓመት የሠራ መካኒክ ድምፁን ሰምቶ ያውቃል፣ መጽሐፍ ምን ያደርግለታል?» የሚል ሙግት አለ። ግማሹ እውነት ነው። ጆሮ በሽታውን ያገኛል፤ ልኩን ግን አይነግርም። የቶዮታው 3ኤል የናፍጣ ሞተር ቴስታታ ሲታሰር ብሎኖቹ ከመሐል ወደ ዳር በተርታ፣ መጀመሪያ በተወሰነ ኃይል፣ ቀጥሎ በ90 ዲግሪ፣ አሁንም በ90 ዲግሪ ይጠብቃሉ። ዲግሪው እንዳይሳት ማኑዋሉ የብሎኑን ጭንቅላት በቀለም ምልክት አድርግ ይላል። ይህን በክንድ ግምት ማግኘት አይቻልም፤ ግምቱ የሚታወቀውም ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ውሃው ዘይት ውስጥ ሲገባ ነው። የ1ኤችዜድ ቺንጊያም እንዲሁ ነው። በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ ቢበጠስ ባልቦላና ፒስተን ይጋጫሉ። ከመበጠሱ በፊት ደግሞ የሚሰማ ድምፅ ላይኖር ይችላል።

መካኒኩ ከመጽሐፉ የሚበልጥበትም ቦታ አለ። የኮምፕሬሽን ልክ የሚጻፈው የባሕር ወለል አየር ታስቦ ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከዚያ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ መለኪያውም በዚያው መጠን ዝቅ ይላል። ቁጥሩን እንዳለ የወሰደ ሰው ጤነኛ ሞተር «አልቋል» ብሎ ያስፈታል።

ቪዲዮ በነፃ እያለ ለምን ማኑዋል ፍለጋ እንደክማለን የሚሉም አሉ። ቪዲዮ አንድን ዕቃ ለማውጣት እጅ በየት እንደሚገባ ሲያሳይ ተወዳዳሪ የለውም። ልክን ግን ከቪዲዮ መውሰድ አልመክርም፤ የሚያሳየው ሰው ሞተር ከእርስዎ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር የለም። የክፍያው ችግር እውነተኛ ነው። የአምራቾች የአገልግሎት ድረ ገጾች የሚከፈቱት በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው፤ ያም ሆኖ የአሜሪካው የቶዮታ ድረ ገጽ እዚያ ስላልተሸጠ መኪና አይነግርዎትም። ስለዚህ ለአሮጌ መኪና ያገለገለ የፋብሪካ ጥራዝ መግዛት ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ በአንድ መንደር ያሉ ሦስትና አራት ጋራዦች ተካፍለው ቢገዙት ደግሞ ለማንም አይከብድም። በቴሌግራም የሚዘዋወረው ፋይል የመብት ጥያቄው እንዳለ ሆኖ፣ ገጽ የጎደለው ወይም የልክ ሰንጠረዡ ደብዝዞ 3 እና 8 የማይለዩበት ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛው የሚያስፈራው ሰው ደግሞ ገልጦ ይየው፤ ከገጹ የሚበዛው ሥዕልና ቁጥር ነው፣ ቃላቱም ያው እየተደጋገሙ የሚመጡ ናቸው።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ብሎኩ ላይ ያለውን የሞተር ዓይነትና ቁጥር በወረቀት ይጻፉ። ሻጩ ያንኑ የሞተር ዓይነት ሽፋኑ ላይ ወይም ማውጫው ውስጥ ማሳየት ካልቻለ አይግዙት።