ጭዱን የሚጨብጡ ፕሮቲኖች

በአርብ ገበያ ዙሪያ ባሉ የታች ጋይንት መንደሮች፣ አውድማው ሲያበቃ የጤፉ ጭድና የገብሱ ገለባ ደጅ ይከመራል። በሬውን በጋውን የሚያሻግረው ይኸው ክምር ነው። ለበሬውም ቢሆን ግን በቀላሉ የሚፈጭ ምግብ አይደለም። ጉልበት የሚሰጠው ሴሉሎስ ሊግኒን በተባለ ጠንካራ ቁስ ተሸፍኖ ተጠባብቋል፤ የሚፈታውም ጨጓራው ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን በሚያመነጯቸው ኢንዛይሞች ነው።

ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ ብዙው ሴሉሎስ ቆራጭ ደግሞ መጀመሪያ ክሩን ይጨብጣል። ትራይኮደርማ ሪሴይ የተባለው ሻጋታ የሚሠራው ዋና ኢንዛይም ለዚህ ሥራ ብቻ የሚውል፣ 36 ያህል አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ክፍል አለው። በጠፍጣፋ ገጹ የተሰለፉ ሦስት አሚኖ አሲዶች በሴሉሎሱ ሰንሰለት ላይ ይለጠፋሉ።

ይህን ጭበጣ ለመለካት ፕሮቲኑ ፍሎረሲን በተባለ አብሪ ቀለም ይነከራል። ቀለሙ ከላይሲን አሚኖ አሲዶች ጋር ይያያዛል፤ ትርፉ ታጥቦ ይወጣል። ከዚያ የታወቀ መጠን ያለው ፕሮቲን ከተመዘነ ጭድ ጋር በቱቦ ይናጣል። ሴንትሪፊዩጅ ጭዱን ወደ ታች ሲያዘቅጠው፣ ያልተያዘው ፕሮቲን ከላይ ባለው ፈሳሽ ይቀራል። ፈሳሹ 490 ናኖሜትር ገደማ በሆነ ሰማያዊ ብርሃን ሲመታ አረንጓዴ ያበራል፤ የብርሃኑ መጠን የቀረውን ፕሮቲን ይነግራል። ከተጨመረው ላይ የቀረው ሲቀነስ የተጨበጠው ይገኛል። የፕሮቲኑን መጠን እየጨመሩ ሲደግሙት ውጤቱ በግራፍ ላይ የሚሠራው መስመር ይወጣና ይረጋል፤ የሚረጋበት ከፍታ ጭዱ የሚይዘውን ልክ፣ አወጣጡ ደግሞ የጭበጣውን ጥንካሬ ያሳያል።

ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሊግኒን ራሱ ስለሚያበራ ቀለም ያልነካው ጭድ አብሮ ይለካል። ፕሮቲን ከቱቦው ግድግዳ ስለሚጣበቅም ጭድ የሌለበት ቱቦ ይዘጋጃል። ቀለሙ የሚጨብጠውን ክፍል እንዳይጋርድ የሚሰጉ ተመራማሪዎች ደግሞ በዘረመል ደረጃ አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ይቀጥሉበታል። ይህን ፕሮቲን ኦሳሙ ሺሞሙራ እ.ኤ.አ. በ1962 ከጄሊፊሽ ለይተው አወጡት፤ በ2008ም ከማርቲን ቻልፊና ከሮጀር ሲየን ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል አገኙ።

ሊግኒን ኢንዛይሙን በከንቱ ይዞ ያስቀረዋል። ጭድ በዩሪያ ሲታከም የሚወጣው አሞኒያ ሊግኒንን ከክሩ ጋር የሚያስተሳስሩትን ትስስሮች ያላላል፤ ጭዱም የተሻለ ይፈጫል። የታከመውንና ያልታከመውን የጤፍ ጭድ ጎን ለጎን በዚህ ዘዴ መለካት፣ ኢንዛይሙ የትኛውን ይበልጥ እንደሚጨብጥ ያሳያል። የእርሻ ጉልበቱ ከጭድ ለሚመጣ አገር ይህ በአግባቡ ሊሠራ የሚገባው ምርምር ነው።