ቶንፒንግ ላይ መኪና የት ይቆማል?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጁባ ያረፈ መንገደኛ ከኤርፖርቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ሰፈር ቶንፒንግ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ ካምፕ እዚያ አለ፤ ኤምባሲዎች፣ የእርዳታ ድርጅቶች፣ ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎች በዚያው ተጎራብተዋል። ዋናው የኤርፖርት መንገድ አስፋልት ነው። አንድ እጥፋት ገባ ሲሉ ግን በበጋ አቧራ፣ በዝናቡ ወራት ጭቃ ይቀበላል። አጥሩ ረጅም ነው፤ በላዩ ጥምዝ ሽቦ ተዘርግቷል፤ በሩ የብረት ነው።

መንገዱ ሰፊ ስለሚመስል እንግዳ ሾፌር ቦታ ያገኘ ይመስለዋል። ጥግ ይዞ ሞተሩን ሲያጠፋ ግን ከብረቱ በር ዘበኛ ብቅ ይልና በእጁ ወደፊት እንዲሄድ ያመለክተዋል። ቀጣዩ በር ላይም እንዲሁ። አፈር መንገድ ላይ ቢጫ መስመር አይቀባም። «ማቆም ክልክል ነው» የሚለው ሕግ በርሜል፣ ድንጋይ ወይም የኮንክሪት ማገጃ ሆኖ መንገዱ ዳር ተቀምጧል። ማገጃውን ማን እንዳስቀመጠው፣ ከአጥሩ ስንት ሜትር ድረስ እንደሚከለክል፣ ማን እንደፈቀደ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ትራፊክ ፖሊሱ፣ በጁባ አረብኛ «ሙሩር»፣ ሲመጣ ደግሞ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ የሚታወቀው አስቀድሞ ሰሌዳው ታይቶ ነው።

የዚህ ሰፈር ጉዳይ ሰሌዳ ነው። በአንድ ጠባብ መስቀለኛ መንገድ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ነጭ ላንድክሩዘር፣ የዲፕሎማት መኪና፣ የእርዳታ ድርጅት ፒክአፕ፣ የመንግሥት መኪና፣ የወታደር መኪና፣ የነጋዴው አሮጌ ቶዮታ፣ ውሃ የጫነ ቦቴና ቦዳ ቦዳ የሚሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲ ይገናኛሉ። መንገዱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ሕጉ ግን ለእያንዳንዱ የተለየ ነው።

ልዩነቱ ከሙሩር ፈቃድ የመጣ አይደለም፤ በወረቀት የሰፈረ ነው። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 9 ቀን 2011 ነጻ ከመውጣቷ አንድ ቀን ቀደም ብሎ የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 1996 የተልዕኮውን መቋቋም አጸደቀ። በወሩ፣ ነሐሴ 8፣ ተልዕኮውና አዲሱ መንግሥት የተልዕኮውን ኃይሎች ሕጋዊ አቋም የሚወስን ስምምነት ፈረሙ። በእንዲህ ዓይነት ስምምነት መሠረት የተልዕኮው ተሽከርካሪዎች በአገሩ መንግሥት አይመዘገቡም፤ ፈቃድም አያወጡም። የሦስተኛ ወገን መድን ግን ሊኖራቸው ግድ ነው።

የዲፕሎማቶቹ ነገር ደግሞ ዓለም በሙሉ የሚሠራበት እ.ኤ.አ. የ1961 የቪየና ስምምነት ጉዳይ ነው። አንቀጽ 31 ዲፕሎማቱን ከተቀባዩ አገር የወንጀል ክስ ሙሉ በሙሉ፣ ከፍትሐ ብሔርና ከአስተዳደር ክስ ደግሞ በአብዛኛው ነጻ ያደርገዋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ንባቡን ያቆማል። አንቀጽ 41 ግን ይኸው ባለመብት ሰው የተቀባዩን አገር ሕግና ደንብ የማክበር ግዴታ እንዳለበት በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ ዲፕሎማት መኪናውን ክልክል ቦታ ሲያቆም ሕግ ጥሷል፤ የቀረው ክሱ ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ቢታወቅ ኖሮ በቶንፒንግም፣ በአዲስ አበባው ቦሌም ብዙ ክርክር ይቀር ነበር።

ክስ የሌለበት ሕግ ሰውን ምን እንደሚያደርገው በቁጥር የታየው ኒውዮርክ ላይ ነው። ሬይ ፊስማንና ኤድዋርድ ሚጌል የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ምሁራን እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2002 በከተማዋ የተባበሩት መንግሥታት ዲፕሎማቶች ያልከፈሏቸውን የመኪና ማቆሚያ ቅጣቶች አገር በአገር ቆጠሩ። ከ150,000 በላይ ቅጣት ሳይከፈል ቀርቶ ነበር፤ ገንዘቡም ከ18 ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል። ለእያንዳንዱ ዲፕሎማት ሲካፈል ኩዌት 246 ይዛ አንደኛ ሆነች። ሱዳን፣ ያኔ ጁባንም የምታስተዳድረው ሱዳን፣ 119 ገደማ ይዛ አራተኛ ነበረች። የኛዋ ኢትዮጵያ በ60 ገደማ አሥራ አራተኛ ወጣች። ከመቶ አርባ በላይ አገሮች ውስጥ ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ የድህነት ምክንያት ነበር፤ ደመወዝ ትንሽ ነው፣ ማቆሚያ ውድ ነው። ሰንጠረዡ ግን ይህን ምክንያት አይቀበልም። የስዊድን፣ የኖርዌይና የጃፓን ዲፕሎማቶች አንድም ያልከፈሉት ቅጣት አልነበረባቸውም፤ የቡርኪና ፋሶና የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ዲፕሎማቶችም እንዲሁ። ሀብታሟ ኩዌት ደግሞ ከላይ ናት። ምሁራኑ የደረሱበት መደምደሚያ ቅጣት በማይደርስበት ቦታ ሰው ከአገሩ ይዞት የመጣውን ልማድ ያሳያል የሚል ነው።

ቶንፒንግ ላይ ልዩ ሰሌዳ የሌለው ሰው ኑሮ ሌላ ነው። ከእነዚህ መካከል ብዙ የኛ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. ከ2005ቱ የሱዳን የሰላም ስምምነት በኋላ ጁባ ስትከፈት ሐበሻው ሆቴል ከፈተ፣ ምግብ ቤት ያዘ፣ የውሃ ቦቴ ነዳ፣ ጎማ ጠገነ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም ቅርንጫፍ ከፈተለት። ይህ ሰው በመኪናው ኪስ ውስጥ የሚይዘው የወረቀት ብዛት ያሳዝናል፦ መንጃ ፈቃዱ፣ «ሩክሳ» የሚሉት፣ የመኪናው ሰነድ፣ መድኑ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የሥራ ፈቃዱ። መኪና ያለቦታው አቁሞ የተያዘ እንደሆነ ጥያቄው ከማቆሚያው ጀምሮ ሊያልቅ የሚችለው የሥራ ፈቃዱ ላይ ነው። ለዜጋ አንድ ቅጣት የሆነው ነገር ለስደተኛ ሠራተኛ የመኖር ጥያቄ ይሆናል።

ፈቃዱ ራሱ ደግሞ ጸንቶ የሚቆም ነገር አልሆነም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2013 የደቡብ ሱዳን ባለሥልጣናት የውጭ ዜጎች ቦዳ ቦዳ እንዳይነዱ ከለከሉ። ቦዳ ቦዳ የሚለው ስም ራሱ ከኬንያና ከኡጋንዳ ድንበር፣ ከቡሲያ፣ ሰውን ከኬላ ወደ ኬላ ከሚያመላልሱ ብስክሌቶች የመጣ ነው። ጁባ ላይም ሥራውን ያስጀመሩት በአብዛኛው ኡጋንዳውያን ነበሩ። በአንድ ትእዛዝ ሞተራቸው ቆመ። በዓመቱ፣ በመስከረም 2014፣ ድርጅቶች፣ ባንኮችና ሆቴሎች የውጭ ሠራተኞቻቸውን እስከ ጥቅምት 15 አሰናብተው በዜጎች እንዲተኩ የሚያዝ ሰርኩላር ወጣ። በቀናት ውስጥ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ደግሞ የባለሙያ የሥራ ፈቃድ ክፍያ ከ100 ወደ 10,000 ዶላር ከፍ እንደሚል ተነገረ፤ ለጉልበት ሠራተኛም 1,000 ዶላር። ይህም ብዙ ሳይቆይ እንዲቆም ተደረገ። ደቡብ ሱዳን በ2016 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስትሆን ኬንያዊውና ኡጋንዳዊው መብታቸውን የሚጠይቁበት ደጅ አገኙ። ኢትዮጵያ አባል አይደለችም፤ የኛ ሰው ያለው ኤምባሲው ብቻ ነው።

አገሪቱ ለወጣቶቿ ሥራ መፈለጓን አልነቅፍም፤ የራሷ ጉዳይ ነው፣ ተገቢም ነው። የሚጎዳው ዛሬ የወጣው ነገ የሚሻር መሆኑ ነው። ትእዛዝ ሲወጣና ሲመለስ በመካከሉ ያለው ጊዜ መንገድ ላይ ለቆመ ሰው በጣም ረጅም ነው።

የገንዘቡም ነገር አለ። የደቡብ ሱዳን ፓውንድ ከነጻነት በኋላ አንድ ዶላር በ2.96 ተተምኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ተመኑ ሲለቀቅ በአንድ ቀን ወደ 18.5 ዘለለ፤ ዛሬ በሺዎች ይቆጠራል። እንዲህ በሆነ ገንዘብ በደንብ መጽሐፍ የተጻፈ የቅጣት ልክ ዓመት ሳይሞላው ዋጋ ያጣል። የተጻፈው ዋጋ ሲያጣ ልኩን የሚወስነው መንገድ ዳር የቆሙት ሁለት ሰዎች ንግግር ይሆናል፤ ንግግር ደግሞ ደረሰኝ የለውም። የሙሩሩም ደመወዝ በዚያው ፓውንድ ነው፤ ይህን መርሳት ፍርድ ማዛባት ነው።

ጁባ ላይ መኪና መንዳት ራሱ ለአደጋ የቀረበበት ምክንያትም አለ። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1973 ከግራ ወደ ቀኝ የዞረች አገር ናት፤ ደቡብ ሱዳንም ይህንኑ ወረሰች። ኡጋንዳና ኬንያ ግን በግራ ይነዳሉ፤ ለጁባ የሚመጣው መኪና ብዙው በካምፓላ በኩል የሚገባ ባለቀኝ መሪ ነው። በአሜሪካ ገንዘብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው 192 ኪሎ ሜትር የጁባ–ኒሙሌ መንገድ ድንበሩ ላይ ሲደርስ ሾፌሩ ወገኑን ይቀይራል። ባለቀኝ መሪ መኪና በቀኝ ጥግ ሲቆም ሾፌሩ የሚወርደው በእግረኛው በኩል ነው፤ ተነስቶ ሲወጣ ግን ከኋላው የሚመጣውን በደንብ አያይም። እኛም በሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ የዞርን ነን፤ የዚያ ዘመን ሾፌሮች ያውቁታል።

ቶንፒንግ ጥብቅ የሆነው ያለ ምክንያትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 15 ቀን 2013 የእርስ በርስ ጦርነቱ ጁባ ላይ ሲፈነዳ ነፍሱን ለማትረፍ ወደ ቶንፒንጉ የተባበሩት መንግሥታት ካምፕ የሮጠው ሕዝብ በሺዎች የሚቆጠር ነበር፤ ወራት ኖሮበታል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 7 ቀን 2016 ደግሞ በዚያው ከተማ የአሜሪካ ኤምባሲ መኪኖች ላይ ተተኮሰ። በር ላይ ያልታወቀ መኪና ሲቆም የሚደነግጥ ዘበኛ የሚደነግጥበት አለው። ጥያቄዬ ክልከላው ለምን ኖረ የሚል አይደለም። ለምን አልተጻፈም የሚል ነው።

በዚህ ረገድ አዲስ አበባን ማየት ይጠቅማል፤ ስለተሳካላት ሳይሆን ሁለቱንም ስላየች። በኛ ከተማ ትራፊክ ፖሊስ ካቻቢቴ ይዞ ያለቦታው የቆመ መኪና ሰሌዳ ሲፈታ ያላየ የለም። ባለመኪናው ቡናውን ጠጥቶ ሲመለስ ሰሌዳው ከነብሎኑ ሄዷል፤ ቀኑ በፍለጋ ያልቃል። በሌላ በኩል በየጎዳናው በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ሰዓት ጽፈው ወረቀት መስታወቱ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ሲወጡ ያስከፍላሉ። ወረቀቷ ትንሽ ናት፤ ግን ሰዓት አላት፣ ዋጋ አላት፣ ክርክር ቢነሳ የምትታይ ናት። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 208 ጥፋቶችን በእርከን ከፍሎ የገንዘብ ቅጣትና ነጥብ መደበላቸው፤ በ2009 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 395 ተሻሻለ። ሾፌሩ ቢያማርርም ምን አጥፍቶ ምን እንደሚቀጣ ማንበብ ይችላል። ከተማዋ ማቆሚያም መሥራት ጀምራለች፤ በሰኔ 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የመስቀል አደባባይ ከመሬት በታች 1,400 መኪና ይይዛል።

ቦታ ሳያዘጋጁ መቅጣት ትክክል አይደለም፤ ይህን በሁለቱም ከተሞች ላይ እላለሁ። ጁባ ግን ዛሬ ከመሬት በታች ማቆሚያ እንድትቆፍር የሚጠይቃት የለም። ለቶንፒንግ የሚያስፈልገው ከዚህ በጣም የቀለለ ነው። ክልከላው በየበሩ በእንግሊዝኛና በአረብኛ በሰሌዳ ይጻፍ፤ ከአጥሩ ስንት ሜትር እንደሆነ ይለካ፤ ቅጣቱ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይኑረው፤ ገንዘቡ ባንክ ይግባ። ለቦቴና ለቦዳ ቦዳ ሆቴሎቹ አጠገብ መቆሚያ ይመደብ።

ዲፕሎማቱንስ ማን ይቆጣጠራል የሚል ይኖራል። ኒውዮርክ መልስ ሰጥታለች። እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ከተማዋ ከሦስት በላይ ያልተከፈለ ቅጣት ያለበትን የዲፕሎማት መኪና ሰሌዳ መንጠቅ ጀመረች፤ አሜሪካም ዕዳውን 110 በመቶ አድርጋ ከአገሩ እርዳታ ላይ እንድትቀንስ ሕግ ወጣ። ማንም አልታሰረም፤ የቪየናው ስምምነትም አልተነካም። ያልተከፈለው ቅጣት ግን 98 በመቶ ገደማ ወረደ።

ጁባ የማንንም እርዳታ መቀነስ አትችልም፤ እርዳታ ተቀባይ እሷ ናት። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ከእንግዶቹ መምጣት አለበት። በዚያ ሰንጠረዥ ላይ 60 ገደማ የሚለው ቁጥር ከስማችን አጠገብ ተጽፏል። ጁባ ያለው ኤምባሲያችን መኪኖቹ ያለቦታቸው ሲቆሙ ቅጣቱን እንደማንኛውም ሰው እንደሚከፍል ለከተማው አስተዳደር በደብዳቤ ቢያሳውቅ ከጎረቤቶቹ ሁሉ ቀዳሚ ይሆናል፤ በቦቴው መሪ ላይ ለተቀመጠው ወንድማችንም ደረሰኝ የመጠየቅ ድፍረት ይሰጠዋል። ደብዳቤው ይጻፍ።