የሙቅ ውኃ ማሞቂያ መቆጣጠሪያ ፍተሻ፦ የስህተት ምልክት የማያሳይ ብልሽት

በካናዳ፣ በሰሜናዊ የአሜሪካ ግዛቶችና በብዙ የአውሮፓ አገሮች በርካታ ቤቶች በብርድ ወራት የሚሞቁት በቧንቧ በሚዘዋወር ሙቅ ውኃ ነው። ቦይለሩ ውኃውን ያሞቀዋል፤ ፓምፕ ወደ ራዲያተሮች ወይም ወለል ውስጥ ወደተቀበሩ ቧንቧዎች ይገፋዋል፤ ሙቀቱን የሰጠው ውኃም ወደ ቦይለሩ ይመለሳል። ይህን ዑደት የሚመራው አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ሲሆን፣ ቤቱ ሲቀዘቅዝ በመጀመሪያ የሚወቀሰውና የሚቀየረውም እርሱ ነው። ወቀሳው ግን ብዙ ጊዜ ያለቦታው ያርፋል። መቆጣጠሪያው የሚያውቀው ሰንሰሮቹ የነገሩትን ብቻ ነው፤ የሚያደርገውም ፓምፑና ቫልቩ ትእዛዙን እስከፈጸሙ ድረስ ብቻ ነው።

በዘመናዊ ተከላዎች የተለመደው አሠራር የውኃውን ሙቀት ከውጭው አየር ጋር ማያያዝ ነው። ውጭው በቀዘቀዘ መጠን ውኃው ይበልጥ ይሞቃል፤ ግንኙነቱም የማሞቂያ ኩርባ ይባላል። ለምሳሌ የኩርባው ዳገት 1.5 ቢሆን፣ የውጭው አየር ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በ1 ዲግሪ በወረደ ቁጥር የውኃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ በ1.5 ዲግሪ ከፍ ይላል። ስለዚህ ውጭው 0 ዲግሪ ሲሆን 50 ዲግሪ፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ 65 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ይላካል።

የውጭውን ሙቀት የሚለካው በአብዛኛው ቴርሚስተር ነው። ይህ ክፍል ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ሲሞቅ ይቀንሳል። በስፋት ከሚሠራባቸው ዓይነቶች አንዱ በ25 ዲግሪ 10,000 ኦም፣ በ0 ዲግሪ ወደ 32,650 ኦም፣ ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ደግሞ ወደ 55,300 ኦም ያሳያል። ሌሎች ዓይነቶች የተለየ ሠንጠረዥ ስላላቸው መርማሪው አስቀድሞ የትኛው እንደተተከለ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

የሰንሰሩ ሽቦ ፈጽሞ ቢበጠስ ወይም ሁለቱ ሽቦዎች ቢነካኩ መቆጣጠሪያው ሊሆን የማይችል ንባብ ስለሚያገኝ በአብዛኛው የስህተት ምልክት ያወጣል። አስቸጋሪው በመካከል ያለው ብልሽት ነው። ከቤት ውጭ ያለ የሽቦ መጋጠሚያ እርጥበት ቢገባበትና በሁለቱ ሽቦዎች መካከል የ80,000 ኦም ማምለጫ ቢፈጠር፣ የውጭው አየር ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነበት ሌሊት የሰንሰሩ 55,300 ኦም ከማምለጫው ጋር በትይዩ ተደምሮ ወደ 32,700 ኦም ይወርዳል። መቆጣጠሪያው ይህን 0 ዲግሪ ብሎ ያነበዋል። ንባቡ ከተለመደው ክልል ስለማይወጣ ምንም ምልክት አይታይም፤ በ65 ዲግሪ ፈንታ 50 ዲግሪ ውኃ ይላካል። ክፍሉ 20 ዲግሪ እንዲሆን ከተፈለገ፣ ራዲያተሩ የሚሰጠው ሙቀት ከሚገባው ወደ 60 በመቶ ያሽቆለቁላል። ቤተሰቡ በብርድ ይንቀጠቀጣል፤ መሣሪያው ግን በራሱ መረጃ ሲመዘን ፍጹም ትክክል ነው።

ችግሩን የሚያባብሰው የተለመደው መፍትሔ ነው። ጥገና የሚሠራው ሰው ቤቱ መቀዝቀዙን ብቻ አይቶ ዳገቱን ወደ 2.25 ከፍ ያደርገዋል፤ ውኃው እንደገና 65 ዲግሪ ይሆናል፤ ሁሉም ይደሰታል። እርጥበቱ ሲደርቅ ግን በዚያው ቅዝቃዜ 88 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውኃ ይታዘዛል። ከዚህ በኋላ ቤቱ አንድ ቀን የሚቀዘቅዝ፣ ሌላ ቀን የሚጋል ስለሚሆን ጥርጣሬው ተመልሶ መቆጣጠሪያው ላይ ያርፋል። ውኃው በወለል ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ጉዳቱ ከምቾት ማጣት ያልፋል። ለዚህ ነው የወለል ማሞቂያ ከመቆጣጠሪያው ነጻ የሆነ የከፍተኛ ሙቀት ማቋረጫ የሚያስፈልገው፤ ይህም ራሱን ችሎ ሊፈተሽ ይገባል።

ፍተሻው ከቅንብሩ ሳይሆን ከመግቢያው መጀመር አለበት። ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ የሰንሰሩ ሽቦዎች ከመቆጣጠሪያው ይነቀላሉ፤ ሳይነቀሉ ቢለካ የመቆጣጠሪያው የውስጥ ዑደት ንባቡን ያዛባዋል። በመልቲሜትር የተገኘው ኦም በታመነ ቴርሞሜትር ከተለካው የውጭ ሙቀት ጋር በሠንጠረዡ ይነጻጸራል። ቀጥሎ በሰንሰሩ ቦታ 10,000 ኦም ያለው ተራ ሬዚስተር ይገጠማል። ኃይሉ ተመልሶ መቆጣጠሪያው 25 ዲግሪ ካሳየ መግቢያው ደኅና ነው፤ ከጥቂት ሳንቲም በማይበልጥ ዕቃ ውድ መሣሪያን ከመጣል መዳን ይቻላል። ወሳኙ ፍተሻ ግን የሽቦው ነው። ሽቦው ከሁለቱም ጫፎች ተነቅሎ በሁለቱ ገመዶች መካከል ሲለካ መልቲሜትሩ ምንም ግንኙነት ማሳየት የለበትም። 80,000 ኦም ካሳየ ጥፋተኛው ተገኘ። ይህ ልኬት በደረቅ ቀን ብቻ ከተወሰደ ሊያታልል ስለሚችል በእርጥብ ቀን መደገም አለበት። ሰንሰሩ የተሰቀለበት ቦታም ይታያል፤ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ ያለ ደኅና ሰንሰር ያለ ምንም የሽቦ ብልሽት ተመሳሳይ ስህተት ይፈጥራል።

የመውጫው ፍተሻ አጭር ነው። መቆጣጠሪያው ፓምፑን ሲያዝ በፓምፑ መጋጠሚያ ላይ ቮልቴጅ መኖሩ ይለካል። ቮልቴጅ እያለ ፓምፑ ካልዞረ፣ ማሞቂያው ሳይሠራ በከረመባቸው ወራት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ፓምፑ እየዞረ በወጪውና በተመላሹ ውኃ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ከታቀደው እጅግ ከሰፋ ደግሞ ፍሰቱ አነስተኛ ነው፤ በቧንቧው የታሰረ አየር ወይም ያልተከፈተ ቫልቭ ይፈለጋል።

ጥገናው ሲያበቃ ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ዳገቱን ወደ 1.5 መመለስ ነው። ከዚያ በኋላ የኮንክሪት ወለል ለመሞቅም ሆነ ለመቀዝቀዝ ብዙ ሰዓታት ስለሚወስድ፣ ውጤቱ የሚመዘነው የውጭው ሙቀት፣ የተላከው ውኃና የክፍሉ ሙቀት ቢያንስ አንድ ሙሉ ሌሊት ተመዝግበው ነው።