በሐኪምነት ሽፋን የተፈጸመው ግድያ

በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው ሃይድ ከተማ ዶክተር ሃሮልድ ሺፕማን አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄደ የሚያክም፣ በነዋሪዎች ዘንድም የተከበረ ሐኪም ነበር፡፡ ይኸው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. 15 ታማሚዎቹን በመግደል ጥፋተኛ ተብሎ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፡፡ በዳኛ ጃኔት ስሚዝ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን በ2002 ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርቱ የሟቾቹ ቁጥር 215 መሆኑን አስታውቋል፡፡ ከእነዚህ 171ዱ ሴቶች ናቸው፡፡

ሺፕማን የተወለደው በ1946 በኖቲንግሃም ሲሆን፣ የ17 ዓመት ወጣት ሳለ እናቱ በሳንባ ካንሰር ሞተዋል፡፡ ሐኪም ቤታቸው እየመጣ ሥቃያቸውን በሞርፊን ያስታግስላቸው ነበር፡፡ ሺፕማን በኋላ ታማሚዎቹን የገደለው በአብዛኛው በመኖሪያ ቤታቸው ዲያሞርፊን በመውጋት በመሆኑ ሁለቱን የሚያያይዙ ጥቂት አይደሉም፡፡ ሆኖም እናታቸውን በካንሰር ያጡ እልፍ ሰዎች ነፍሰ ገዳይ አልሆኑም፡፡

ግለሰቡ እስከ ዕለተ ሞቱ ድርጊቱን አላመነም፡፡ በመሆኑም ኮሚሽኑ የገደለበትን ምክንያት በእርግጠኝነት መናገር አልቻለም፤ በሱስ የመያዝ ዝንባሌ እንደነበረውና መግደሉም ራሱ ሱስ ሆኖበት ሊሆን እንደሚችል ግን ጠቁሟል፡፡ ለዚህ ፍንጭ የሚሰጥ መዝገብ ቀደም ሲልም ነበር፡፡ ሺፕማን ፔቲዲን የተባለውን መድኃኒት ለራሱ ለመውሰድ ሐሰተኛ ማዘዣ በመጻፉ በ1976 600 ፓውንድ ተቀጥቷል፤ የሐኪምነት ፈቃዱ ግን አልተነጠቀም፡፡

የግለሰቡ አእምሮ ምስጢር ሆኖ ቢቀርም፣ ድርጊቱ ለዓመታት ሳይታወቅ የቆየበት መንገድ ግልጽ ነው፡፡ ታማሚውን የሚጎበኘው፣ የሚገድለውና የሞቱን ምክንያት መስክሮ የሚፈርመው አንድ ሰው ነበር፡፡ አስከሬን እንዲቃጠል ሲፈለግ የሁለተኛ ሐኪም ፊርማ በሕግ ይጠየቅ ነበር፤ ፈራሚው ግን ብዙውን ጊዜ የሺፕማንን ቃል ተቀብሎ ይፈርማል፡፡ ቅጹ ተሟልቷል፣ ፊርማውም ሁለት ነው፤ ያጣራ ግን አልነበረም፡፡

በመጋቢት 1998 አንዲት የአካባቢው ሐኪም የሟቾቹ ብዛት አሳስቧቸው ድንገተኛ ሞትን ለሚመረምረው ባለሥልጣን አመለከቱ፡፡ የአስከሬን ግንዛት ሠራተኞችም ሟቾቹ አብዛኛውን ጊዜ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ መገኘታቸውን አስተውለው ነበር፡፡ ፖሊስ ግን ሺፕማን የቀድሞ ጥፋት እንዳለበት እንኳ ሳይጠይቅ በሚያዝያ ምርመራውን ዘጋ፡፡ ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዎች ተገድለዋል፡፡

የመጨረሻዋ ሟች የ81 ዓመት አዛውንት ናቸው፡፡ ሀብታቸውን ለሺፕማን ያወረሰ ኑዛዜ ሲቀርብ የሕግ ባለሙያ የሆኑት ልጃቸው ተጠራጥረው ለፖሊስ አመለከቱ፡፡ ኑዛዜው የተጻፈበት የጽሕፈት መኪና ከሐኪሙ ዘንድ ተገኘ፤ ከመቃብር በወጣው አስከሬን ላይም የሞርፊን ቅሪት ታየ፡፡ ሺፕማን በሟቾች የሕክምና መዝገብ ላይ ያለፈ ቀን እየሰጠ የጨመራቸውን የሐሰት ምልክቶች ደግሞ ኮምፒውተሩ በትክክል ከጻፈበት ሰዓት ጋር መዝግቦ አስቀምጦ ነበር፡፡

ሺፕማን በጥር 2004 በዌክፊልድ ወህኒ ቤት ራሱን ሰቅሎ ሞተ፡፡ በእንግሊዝና በዌልስ ድንገተኛ ሞትን በሚመረምረው ባለሥልጣን የማይመረመር ማንኛውም ሞት ታማሚውን ባላከመ ሌላ ሐኪም እንዲጣራ የሚያስገድደው ሥርዓት በሕግ ሥራ ላይ የዋለው በመስከረም 2024 ነው፡፡