ጉባኤው ሲበተን ወዴት ይኬዳል?

ዓለም አቀፍ የሴት ሰላም ታጋዮች ጉባኤ በተጠራ ቁጥር ሁለት ዓይነት ወሬ ይከተለዋል። አንደኛው የአዘጋጆቹ ነው፤ ታሪካዊ ስብሰባ፣ ታሪካዊ የአቋም መግለጫ፣ የግድ የማይቀረው የቡድን ፎቶግራፍ። ሁለተኛው የተመልካቹ ሽሙጥ ነው፤ ሆቴሉ ሞላ፣ አበሉ ተከፈለ፣ ጦርነቱም ቀጠለ። አወዳሹም ነቃፊውም ዓይናቸውን የጣሉት አዳራሹ ውስጥ በሆነው ላይ ነው። የዚህ ዓይነቱ ጉባኤ የመቶ ዓመት ታሪክ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ፍሬው የሚታወቀው ከተበተነ በኋላ ነው፤ ተሳታፊዎቹ ወደ ማን ደጃፍ እንዳመሩና ያ ደጃፍ እንዲከፈትላቸው የሚያስገድድ ደንብ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ ሲታይ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት በተጀመረ በዘጠነኛው ወር፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1915 መጨረሻ፣ ከ12 አገሮች የተውጣጡ ከ1,100 የሚበልጡ ሴቶች ሔግ ከተማ ተሰበሰቡ። ከጠሪዎቹ ዋነኛዋ ሆላንዳዊቷ ሐኪም አሌታ ጃኮብስ ነበሩ፤ የመሩት ደግሞ አሜሪካዊቷ ጄን አዳምስ። ከብሪታንያ 180 ያህል ሴቶች ለመሄድ ተዘጋጅተው ነበር። መንግሥታቸው የሰሜን ባሕርን ለመርከብ ጉዞ በመዝጋቱ የተገኙት አስቀድመው ከአገር የወጡ ሦስት ብቻ ናቸው። ጀርመናውያን ሴቶች መጡ፤ አገራቸው በጀርመን ጦር የተያዘባቸው ቤልጂጋውያን ሴቶችም መጡ። እነዚህን በአንድ ጣራ ሥር ያቆያቸው አንድ ጥብቅ ደንብ ነው፦ ጦርነቱን ማን ጀመረው፣ እንዴትስ ተመራ የሚለው ለውይይት አይቀርብም። ይህ ደንብ ያኔም አስተችቷል፤ ዛሬም ያስተቻል። የተወረረና ወራሪን በእኩል ዓይን ማየት ፍትሕን መሸሽ ነው የሚለው ወቀሳ ቀላል አይደለም፤ ለቤልጂጓ ሴት ደግሞ ከማንም በላይ ከባድ ነበር። ሆኖም ጉባኤው ፍርድ ቤት አልነበረም። በደለኛን መለየት የራሱ ጊዜና የራሱ ዳኛ ያስፈልገዋል፤ የሔጉ ስብሰባ ዓላማ ተዋጊዎቹ መነጋገር የሚጀምሩበትን መንገድ መፈለግ ነበር። ያ ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ቢነሳ ኖሮ ሁለተኛ ቀን አይኖርም ነበር።

ሔግን ከተራ ስብሰባ የለየው የመጨረሻው ቀን ነው። ጉባኤው 20 ውሳኔዎችን አጸደቀ፤ ገለልተኛ አገሮች ያለማቋረጥ እንዲያሸማግሉ፣ ሕዝብ ሳይስማማ መሬቱ ከአንድ መንግሥት ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ፣ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ። ከዚያ ሀንጋሪያዊቷ ሮዚካ ሽዊመር ውሳኔዎቹ በፖስታ ከሚላኩ ይልቅ ተይዘው ይሂዱ አሉ። መልእክተኞቹ በሁለት ቡድን ተከፍለው አውሮፓን አቋረጡ፤ በለንደን፣ በበርሊን፣ በቪየና፣ በፓሪስና በሌሎችም ዋና ከተሞች ጠቅላይ ሚኒስትሮችንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮችን፣ በሮም ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን አነጋገሩ። አብዛኞቹ በየአገራቸው ምርጫ ላይ ድምፅ መስጠት የማይችሉ ሴቶች የጦርነቱን አዛዦች ቢሯቸው ድረስ ገብተው ጠየቁ ማለት ነው። ከውይይቶቹ የተረዱትም የሚገርም ነበር፦ ገለልተኞች ሽምግልና ቢጠሩ በጥብቅ የሚቃወም መንግሥት አልነበረም፤ ቀድሞ ጠያቂ ሆኖ መታየት የሚፈልግም አልነበረም። መጥሪያውን ያወጣሉ ተብለው የተጠበቁት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዊልሰን ግን አላወጡም። ጦርነቱ ከሦስት ዓመት በላይ ቀጠለ።

ታዲያ ከሸፈ አይባልም? ጦርነቱን በማስቆም ከተለካ፣ አዎ። ግን በዚያ ሚዛን ከሄድን የዚያን ዘመን ነገሥታት፣ ዲፕሎማቶችና ጠቅላይ ሚኒስትሮችም ሁሉ ከሽፈዋል፤ እነሱ ደግሞ ሥልጣኑ ነበራቸው። ሴቶቹ እ.ኤ.አ. በ1919 ዙሪክ ላይ እንደገና ሲገናኙ የቬርሳይ ስምምነት ረቂቅ ገና መውጣቱ ነበር። ስምምነቱ የሌላ ጦርነት ዘር እንደሚዘራ አስጠንቅቀው በይፋ ነቀፉት፤ ይህን ካደረጉት ዓለም አቀፍ አካላት ቀዳሚ ከሚባሉት ናቸው። ከሃያ ዓመት በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ያየ ዓይን ነበራቸው፤ የጎደላቸው ወንበር ነው።

ወንበር ሲገኝ ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ጎረቤት ብቅ ማለት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2000 በጅቡቲዋ አርታ የሶማሊያ የሰላም ጉባኤ ሲካሄድ ውክልናው በጎሳ ነበር። አራቱ ትልልቅ ጎሳዎችና የአናሳዎቹ ኅብረት አምስት ሆነው ተቀመጡ፤ ለሴት የተለየ ቦታ አልነበረም። የአባቷ ጎሳ ወደ ባሏ ታዳላለች፣ የባሏ ጎሳ ወደ አባቷ ታዳላለች ብሎ ስለሚጠረጥራት፣ ሁለቱም እንድትወክላቸው አይሹም። አሻ ሐጂ ኤልሚና ጓደኞቻቸው ሴቶችን አሰባስበው ስድስተኛው ጎሳ ነን አሉ። በጎሳ የሚሠራውን ደንብ በራሱ ቋንቋ ገቡበት፤ ከ245ቱ የሽግግር ምክር ቤት መቀመጫዎች 25ቱ የሴቶች ሆኑ። በሰሜን አየርላንድም ታሪኩ ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተደራዳሪዎች ምርጫ ሲወጠን ብዙ ድምፅ ያገኙ አሥር ፓርቲዎች ሁለት ሁለት ተጨማሪ መቀመጫ እንዲያገኙ ተወሰነ። የሴቶች ጥምረት የተባለው ስብስብ ለዚሁ ሲል በጥቂት ሳምንታት ፓርቲ ሆነ፤ አንድ በመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ ሁለት ሴቶችን ወደ ድርድሩ አስገባ፤ በ1998ቱ ስምምነት የተጎጂዎችና የተቀላቀለ ትምህርት ጉዳይ እንዲካተት አደረገ። እነዚህ ሴቶች የመግቢያውን ደንብ አንብበው የገቡ ናቸው። በላይቤሪያ ጉዳይ ደግሞ ደንቡ ዝግ ሆኖ ሳለ እነ ሌይማ ግቦዊ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2003 አክራ ላይ የድርድሩን አዳራሽ ደጃፍ ተቀምጠው ዘጉት። ተደራዳሪዎቹ መውጫ አጡ፤ ስምምነቱም በኦገስት 18 ተፈረመ። የላይቤሪያውን ፕሬዚዳንት ቻርለስ ቴይለርን ያንበረከከው ይህ ብቻ ነበር ማለት ግን ማጋነን ነው። የአማፂያኑ ግስጋሴ፣ የጦር ወንጀል ክሱና የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ጫና በአንድ ላይ ተረባርበውበታል።

የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ሴቶች በሰላም ድርድር እንዲሳተፉ የሚጠይቀውን ውሳኔ 1325 ያጸደቀው ጥቅምት 21 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ልክ በ42ኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 3፣ ኢትዮጵያና ኤርትራ አልጀርስ ላይ የሰላም ስምምነታቸውን ፈረሙ፤ ፈራሚዎቹ ሁለት ወንዶች ነበሩ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ውሳኔው ሥር ይሰዳል ብሎ መጠበቅ አግባብ አይሆንም። ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ ያለው ቁጥር ግን ሰበብ አይቀበልም፦ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2019 በተካሄዱ ዋና ዋና የሰላም ሂደቶች ከተደራዳሪዎች 13 በመቶ፣ ከአደራዳሪዎች 6 በመቶ፣ ከፈራሚዎችም 6 በመቶ ብቻ ሴቶች ነበሩ። ውሳኔው አገሮችን ያሳስባል፤ ወንበር ያላስቀመጠ አደራዳሪን የሚቀጣበት መንገድ ግን የለውም።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ሴት በተፈጥሮዋ ሰላማዊ ናት ማን አለ? እቴጌ ጣይቱ የውጫሌን አንቀጽ 17 ከማንም በላይ አጥብቀው የተቃወሙ፣ ዓድዋም የዘመቱ ናቸው፤ በአገራችን የትጥቅ ትግል ታሪክም ጠመንጃ ያነሱ ሴቶች ጥቂት አይደሉም። ተቃውሞው ልክ ነው፤ ብዙ የሴቶች ጉባኤ መግለጫዎችም ስለ እናትነት ርኅራኄ ሲያበዙ ራሳቸውን ይጎዳሉ። መብቱ ግን በርኅራኄ አይቆምም። የሚፈረመው ወረቀት ተፈናቃይ ወደ ቀዬው እንዴት እንደሚመለስ፣ የተደፈረች ሴት የት እንደምትከስ፣ ተዋጊ ትጥቁን ፈትቶ በምን እንደሚኖር የሚወስን ከሆነ፣ ኑሮዋ የሚወሰንባት ሁሉ ጠባይዋ የዋህም ይሁን ኃይለኛ መቀመጥ ይገባታል። ሴቶች የተሳተፉባቸው ስምምነቶች 15 ዓመት የመዝለቅ ዕድላቸው በ35 በመቶ ይጨምራል የሚለውን በየመድረኩ የሚጠቀስ ጥናትም በጥንቃቄ መያዝ ይሻላል፤ ሴቶችን የሚያስገባ ድርድር ቀድሞውኑ የሰከነ ሊሆን ይችላልና። ከገበሬና ከጄኔራል ያልተጠየቀ የውጤት ማስረጃ ከሴት መጠየቁስ ለምንድን ነው?

የአበሉ ሽሙጥ ከዚህ ይልቅ ያማል፤ እውነት ስላለው። ቪዛ የምታገኘው፣ እንግሊዝኛ የምትናገረው፣ ስሟ በጋባዦች ዝርዝር የሰፈረው ተመላልሳ ትጋበዛለች፤ መጠለያ ውስጥ ያለችው ወሬውንም አትሰማም። መድኃኒቱ ግን ጉባኤውን መተው አይደለም። በኦሮሞ ባህል ሲንቄ የተባለውን በትር የያዘች ሴት በተጣሉ ወገኖች መካከል ስትቆም ጠቡ እንዲበርድ ያስገደደው ኅብረተሰቡ አስቀድሞ የሰጣት ሥልጣን ነው። እንዲህ ዓይነት ሥልጣን በመንደር ያላትን ሴት ትቶ፣ ሥልጣኑ የሌላትን ከተሜ ብቻ የሚጠራ ጉባኤ ሽሙጡን በራሱ ላይ ጠርቷል።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የሰሜኑን ጦርነት ያስቆመው ስምምነት ሲፈረም ከሦስቱ የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪዎች አንዷ ፉምዚሌ ምላምቦ ንጉካ ነበሩ፤ የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ድርጅት የቀድሞ ኃላፊ። ሰነዱ ጾታዊ ጥቃትን በግልጽ ያወግዛል። ፊርማቸውን ያኖሩት ሁለቱ ተወካዮች ግን እንደ አልጀርሱ ወንዶች ናቸው። ኅብረቱ መቀመጫው አዲስ አበባ ነው፤ ሴት ሸምጋዮችን የሚያሰባስበውን ፌምዋይዝ አፍሪካ የተባለ መረብም እ.ኤ.አ. በ2017 አቋቁሟል። ስለዚህ የሚቀጥለውን ጉባኤ እዚህ ከተማ የምትጠሩ ሁሉ፣ አጀንዳውን ከማተማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ወደ ኅብረቱ ሂዱ፦ በሚቀጥለው ድርድር ለሴቶች የተያዘው ወንበር ስንት ነው፣ በየትኛው ደንብ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉና ለጉባኤተኞቹ አንብቡላቸው።