የሩዝ ፍሬ የምታህል

የመተሐራው የአጎቴ ልጅ ለፋሲካ ወረታ በመጣ ቁጥር ገና ፈገግ ሲል የሰፈሩ ልጆች ይጠቃቀሳሉ። የፊት ጥርሶቹ ቡናማ ናቸው፤ ዝገት የመሰለ መስመር ተጋድሞባቸዋል። አንድ ቀን አክስቴ አላስችል ብሏት "አንተ ልጅ፣ ጥርስ መፋቅ የሚባል ነገር እናንተ አገር የለም?" አለችው።

"ኧረ እትዬ፣ ጠዋት ማታ ነው የምፍቀው። ውሃው ነው እንጂ።"

እውነቱን ነው። ከመተሐራና ከወንጂ እስከ ዝዋይ፣ በስምጥ ሸለቆው ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ወደ ጉድጓዱ ውሃ ይለቅቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይለፍ ይላል፤ እዚያ ከ10 የሚያልፍ ጉድጓድ አለ። ሕፃን ጥርሱ ድዱ ውስጥ ገና እየተሠራ ሳለ ይህን ውሃ ከጠጣ፣ ጥርሱ ቀለሙን ይዞ ይወጣል። ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንት ይጎዳል፤ የወንጂን ስኳር ሠራተኞች ወገብ ያጎበጠው ይኸው ነው።

ግን ያ ልጅ አንድም የተቦረቦረ ጥርስ የለውም። እኔ ነጭ ጥርስ ይዤ ሁለት መንጋጋ አስነቅያለሁ። በአሜሪካ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ማኬይ የተባለ የጥርስ ሐኪም ከመቶ ዓመት በፊት ያስተዋለው ይህንኑ ነበር፤ ጥርሳቸው የጠቆረ ሰዎች ጥርሳቸው እምብዛም አይበላም። ምክንያቱ ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው በ1931 እ.ኤ.አ. ነው።

ጥርስ የሚበላው ትል አይደለም። (ልጅ ሆኜ ትሉ እንዲወጣ ተብሎ የእምቧይ ፍሬ ጢስ ታጥኛለሁ። ትሉ አልወጣም፤ መንጋጋው ወጣ።) አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከከረሜላውና ስኳር ከበዛበት ሻይ አሲድ ይሠራሉ። አሲዱ ከጥርሱ ላይ ካልሲየምና ፎስፌት አጥቦ ይወስዳል፤ ምራቅ ቀስ እያለ ይመልሳል። የርብን ወንዝ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም፤ ከጉና ተራራ አፈር አጥቦ ያወርድና ፎገራ ሜዳ ላይ ደለል አድርጎ ይተወዋል። ጥርስ ላይ ግን የሚታጠበውም ደለል የሚሆነውም እዚያው ቦታ ነው። ፍሎራይድ ካለ የተመለሰው ማዕድን ቶሎ ይይዛል፤ አዲሱ ንብርብርም ከቀድሞው ይልቅ አሲድ ይቋቋማል። ይህ በዋናነት የሚሆነው ጥርሱ ገጽ ላይ ነው፤ መዋጥ አያስፈልግም።

የእኛ የደጋው ውሃ ፍሎራይዱ በአብዛኛው ትንሽ ነው። ስለዚህ ሥራው የጥርስ ሳሙናው ነው። ስትገዙ ቱቦውን አገላብጡት፤ "ፍሎራይድ" የሚል ቃልና ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም የሚል ቁጥር ፈልጉ። ቅጠል የተሳለበት ሁሉ ፍሎራይድ አለው ማለት አይደለም። የወይራ መፋቂያዬን አልተውኩም፤ ቆሻሻውን ጥሩ አድርጎ ያነሳል፣ ፍሎራይዱን ግን ከሳሙናው ነው የማገኘው። ፍቃችሁ ስትጨርሱ አረፋውን ትፉት እንጂ በኩባያ ውሃ አትጉመጥመጡ፤ የከፈላችሁበትን ነው የምታጥቡት።

ለልጆች መጠኑ ይለያል፤ ስለሚውጡት። ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከ3 እስከ 6 የአተር ፍሬ የምታህል።

ይህን ለአክስቴ ስነግራት ሰፌድ ይዛ ሩዝ እየለቀመች ነበር። አንዷን ፍሬ አንስታ የልጅ ልጇ ብሩሽ ላይ አስቀመጠችና ትክ ብላ አየቻት።

"እና እስካሁን ለስንት ሰው የሚበቃ ነው ስቀባለት የኖርኩት?"