ለልጅ ያገለገለ ታብሌት ከመግዛታችሁ በፊት

ታብሌት እጠግናለሁ። ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚያማክሩኝ ከገዙ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ብሩ ሄዷል። ስለዚህ ገንዘብ ሳትከፍሉ ሻጩ ፊታችሁ አካውንቱን አውጥቶ ሪሴት ያድርገው፤ ከዚያ በራሳችሁ ኢሜይል እስከ መጨረሻው ክፈቱት። የቀድሞውን ባለቤት የጉግል አካውንት ወይም አፕል አይዲ ከጠየቀ፣ የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉት። «በኋላ እናስከፍተዋለን» በሚል ተስፋ የተገዛ አይፓድ ብዙ ጊዜ የማይሠራ ዕቃ ሆኖ ይቀራል።

ቀጥሎ ባትሪው። ታብሌቱን ወደ ጎን አዙራችሁ ጠርዙን በብርሃን እዩ። ስክሪኑ ከፍሬሙ ተነስቶ ክፍተት ካለው፣ ወይም ጀርባው መሐል ላይ ካበጠ፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ነው። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል በነጻ ቢሰጧችሁም ለልጅ አትስጡ። ቻርጀሩን ሰክታችሁም ገመዱን ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት፤ ቻርጅ ማድረጉ የሚቆራረጥ ከሆነ ሶኬቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ይሄ ይጠገናል፣ ግን ከዋጋው አስቀንሱ።

ሞዴሉንም እዩ። የመጀመሪያው አይፓድ ኤርና አይፓድ ሚኒ 2 አይኦኤስ 12 ላይ ቆመዋል፤ ብዙ አዳዲስ አፖችን አይቀበሉም። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው አማዞን ፋየር ታብሌት ፕሌይ ስቶር ተጭኖለት አይመጣም። እኔ ብሆን እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን ሳምሰንግ ታብ ኤ7 ላይት፣ 3 ጊጋ ራም ያለውን እመርጣለሁ። ከተረፋችሁ ብር ወፍራም የጎማ ከቨር ግዙለት፣ የጉግልን የወላጆች መቆጣጠሪያ አፕ ፋሚሊ ሊንክንም ጫኑበት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ሰዓቱን በፋሚሊ ሊንክ መገደብ ትችላላችሁ።